የተበላው አፈር ዕዳ

በጁባ ከተማ፣ በነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ በምትገኘው ካቶር፣ የማንጎ ዛፍ የብዙ ግቢ ጥላ ነው። ማለዳ የረገፈው ቅጠል ይጠረጋል፤ ይከመራል፤ እሳትም ይለቀቅበታል። ግቢው ይጸዳል፣ ጢሱም በንኖ ይጠፋል። ይሁን እንጂ ይህ ተራ የሚመስል የጽዳት ሥራ አንድ ከባድ ጥያቄ አዝሏል፦ ከምድር የወሰደ ሰው የመመለስ ግዴታ አለበትን?

ዛፍ በዚህ ረገድ ሥርዓት ያለው ተበዳሪ ነው። ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ፖታሲየም በውሃ ሟሙተው በሥሩ ይገቡለታል። ቅጠሉ ሊረግፍ ሲቃረብ ከፊሉን ወደ ግንዱ ይሰበስባል፤ የቀረውን ለምድር ይለቃል። ምስጥ፣ ሻጋታና በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ቅጠሉን አድቅቀው ዳግም ለሥሩ ያቀርቡታል። ቅጠሉ ሲቃጠል ግን አብዛኛው ናይትሮጅን ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ በአመዱ የቀረውንም የክረምቱ ጎርፍ ወደ ወንዝ ሊጠርገው ይችላል። ናይትሮጅንን እንደ ባቄላ ያሉ ዕፅዋት በሥራቸው ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ጋር ተባብረው ከአየር ይመልሱታል። ፎስፎረስ ግን በተፈጥሮ የሚተካው ዐለት ሲፈራርስ በመሆኑ፣ እርሱን ለመጠበቅ የሰው ዕድሜ አይበቃም።

የቅጠሉ ጉዳት ትንሽ ነው። ትልቁ ነገር በካቶር በሚገኘው በኮንዮ ኮንዮ ገበያ ይታያል። ጁባ ከምትመገበው እህልና አትክልት ብዙው በኒሙሌ በኩል ከኡጋንዳ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ነው። ከምግቡ ጋር የሩቅ እርሻ አፈር ጉልበትም ይጫናል፤ በከተማው ይበላል፤ በመጨረሻም በመጸዳጃ ጉድጓድ ይቀበራል። መኪናው ሲመለስ ለዚያ እርሻ የሚወስደው ነገር የለም። ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓን ከተሞች በዚሁ ምክንያት አጥብቆ ነቅፎ፣ ድርጊቱን ከዝርፊያ ቆጥሮት ነበር።

«ገዢው ዋጋ ከፍሏል፤ ታዲያ ምን ዕዳ አለበት?» የሚል ይኖራል። መልሱ ቀላል አይደለም። ገንዘቡ የገበሬውን ላብና የነጋዴውን ድካም ይከፍል ይሆናል። ነገር ግን በዚያው መሬት ላይ ወደፊት የሚዘሩት ልጆች በገበያው አልነበሩም፤ ዋጋ አልተደራደሩም፤ ድርሻቸውንም አልሸጡም። አፈር ራሱ በደሉ አይሰማው ይሆናል፤ ዕዳው የሚቆጠረው ግን ለእነርሱ ነው።

ፍርዱ በድኻው ላይ እንዳይከብድ መጠንቀቅ ያሻል። በኢትዮጵያ ደጋ ያደገ የካቶር ነዋሪ ኩበትን ያስታውሳል። ለማሳው ፍግ መሆን የሚገባው እበት ተጠፍጥፎና ደርቆ በምድጃ ይነዳል። እናቲቱ ይህን የምታደርገው እንጨት ስለጠፋ እንጂ መሬቷን ስለናቀች አይደለም። የዛሬ እንጀራ ከነገ መከር ጋር ሲጣላ፣ የተራበ ሰው ዛሬን ቢመርጥ ማን ይወቅሰዋል? ግዴታው የሚጸናው አማራጭ ባለው ላይ ነው፤ በልቶ በሚያድረው፣ ከተማን በሚያቅደው፣ የቆሻሻውን መድረሻ በሚወስነው ላይ።

የካቶር ግቢ እባብና ትንኝ እንዳይሸሸግበት መጠረጉ ተገቢ ነው። የተጠረገው ቅጠል ግን ከጓሮ ጥግ በጉድጓድ ተከማችቶ ጥቂት ውሃና አፈር ቢያገኝ፣ በወራት ውስጥ ብስባሽ ሆኖ ለማንጎው ሥር ይደርሳል። ይህ የኡጋንዳውን ገበሬ ዕዳ አይከፍልም። ቢሆንም የወሰደውን መመለስ የለመደ እጅ ስለ ትልቁ ዕዳ ለመጠየቅ ይቀርባል።