የገሊላ ባሕር ልክ

ሰው አንድን ስፍራ በዓይኑ ሳያይ አስቀድሞ በስሙ ካወቀው፣ በኋላ ሄዶ ባየው ጊዜ በዕውቀቱ ላይ የሚጨመርለት ምንድን ነው? ይህ ጥያቄ ለማንኛውም መንገደኛ የሚነሣ ቢሆንም፣ ለኢትዮጵያዊ ተሳላሚ ግን ከሁሉ ይልቅ በገሊላ ባሕር ዳር ይጸናበታል፤ በእስያ ምድር ካሉት ሐይቆች ሁሉ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በወንጌል ንባብና በስብከት ሲሰማው ያደገው፣ ጴጥሮስና እንድርያስ መረባቸውን የጣሉበት፣ ማዕበሉም በቃል የተገሠጸበት ይህ አንዱ ነውና።

አባቶቻችን ለዚህ ጥያቄ መልሱን በዓይን እስኪያገኙት ድረስ አልጠበቁም። የኢየሩሳሌም መንገድ በእግርና በግመል በረሃ የሚቋረጥበት፣ ከሄዱትም ብዙዎቹ ሳይመለሱ የሚቀሩበት በነበረ ዘመን፣ ያላዩትን የቅድስት ሀገር ስም በገዛ ምድራቸው ላይ አሳደሩት፤ በጣና ውስጥ ገሊላ የምትባል የገዳም ደሴት አለች፤ ከጣና በስተ ምሥራቅ ደብረ ታቦር ይገኛል፤ በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት መካከል የሚያልፈው ወንዝ ዮርዳኖስ ይባላል፤ በአዲስ አበባ በ18 ማዞሪያ የምንኖር እኛም ብንሆን፣ ክፍለ ከተማችን ኮልፌ ቀራንዮ ነውና፣ ጌታ የተሰቀለበትን ስፍራ ስም በመታወቂያችን ላይ ይዘን እንዞራለን። እንዲህ ባለ አገር ያደገ ሰው ገሊላ ሲደርስ እንግዳ ነኝ ሊል አይቻለውም።

ይሁን እንጂ በስም ብቻ የታወቀ ባሕር ዳርቻ የለውም። ሕሊና ስለ ማዕበሉ ሲሰማ፣ ያን ማዕበል ለመሸከም የሚበቃ ስፋት ያበጅለታል፤ ታንኳይቱ ተናወጠች ሲባልም፣ በየትኛውም ወገን ምድር ከማይታይበት መካከል ያኖራታል። የሒጶው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ በኑዛዜው 10ኛ መጽሐፍ ስለ ተዘክሮ ኃይል ሲመራመር፣ ያያቸውን ተራሮችና ሞገዶች፣ በወሬ ብቻ ያመነውንም ውቅያኖስ፣ በውጭ የሚያያቸው ያህል ሰፍተው በልቡናው ውስጥ ባያገኛቸው ኖሮ ስለ እነርሱ መናገር እንኳ እንደማይችል ጽፏል። የታየውንና የታመነውን በአንድ መዝገብ ማኖሩ ትክክል ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ሁለቱ በዚያ መዝገብ ውስጥ በአንድ መልክ አይቀመጡም፤ የታየው ወሰን አለው፣ የታመነው ወሰን የለውም።

ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ከተቀመጠው ከኮልፌ ደጋ ተነሥቶ፣ ከባሕር ወለል 210 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው ወደዚህ ሐይቅ የወረደ መንገደኛ፣ አስቀድሞ የሚቀበለው የቆላው ወበቅ ነው። እኔም ከጥብርያዶስ ከተማ ዳርቻ ቆሜ አሻግሬ በተመለከትሁ ጊዜ፣ የምሥራቁ ኮረብታ ከነሸንተረሩ ፊት ለፊቴ ቆሞ አገኘሁት። ርዝመቱ 21፣ ስፋቱ በሰፊው በኩል 13 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን ይህን ውሃ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍነውን ጣናን የሚያውቅ ሰው ሲያየው፣ «ያ ሁሉ ነገር የተደረገው በዚህ ነውን?» ማለቱ አይቀርም።

ስለዚህም ማየት ቅዱሱን ነገር ያሳንሰዋልና ሳያዩ ማመን ይሻላል የሚሉ አሉ። ነገሩን ጠልቆ ለመረመረው ግን ፍሬው ሌላ ነው። ወንጌላዊው ማርቆስ፣ ሕዝቡ ከየከተማው በእግር እየሮጡ በታንኳ ከሚሻገሩት ቀድመው እንደ ደረሱ ሲተርክ፣ በልጅነት ሕሊናችን ባበጀነው ወሰን የለሽ ባሕር ላይ ይህ የማይሆን ነገር ነበር፤ ዳርቻውን በዓይኑ የዞረ ሰው ግን በእርግጥ ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። ማዕበሉም እንዲሁ ነው፤ ሐይቁ በከፍታዎች የተከበበ ጎድጓዳ ስለ ሆነ፣ ነፋሱ ከላይ ድንገት ወርዶ የረጋውን ውሃ በጥቂት ጊዜ ያናውጠዋል። በጥብርያዶስ የጴጥሮስ ዓሣ እየተባለ የሚቀርበው እንኳ ከጣናና ከዝዋይ ቆሮሶ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። እንግዲህ ማየት የሚጨምረው ልክን ነው፤ ልክ ያለው ነገርም ከተረት ወጥቶ በምድር ላይ የተደረገ ነገር ይሆናል።

ችግሩ ይህ ልክ በሰው ልቡና ውስጥ ሳይለወጥ አለመኖሩ ነው። ተሳላሚው ወደ አገሩ ተመልሶ ዘመን ባለፈ ቁጥር ዳርቻው ይርቃል፣ ውሃው እንደ ቀድሞው ይሰፋል፤ ቀስ በቀስም የጣና የደንገል ታንኳ በገሊላ ላይ ሲቀዝፍ ይታየዋል። ሐይቁም በበኩሉ የእኛን ትዝታ አይጠብቅም፤ እ.ኤ.አ. በ1986 በድርቅ ምክንያት ውሃው በሸሸ ጊዜ፣ 2,000 ዓመት ያህል ዕድሜ ያላት፣ ከ8 ሜትር ጥቂት የምትበልጥ የዓሣ አጥማጆች ታንኳ ከጭቃው ውስጥ ተገኝታለች። በእኛም አገር ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ፣ ከዓመታት በኋላ ዳግመኛ ውሃ ይዟል፤ በዚያ መካከል ውበቱን ብቻ ያስታወሰ ሰው አለቀሰለት፣ ውሃው እስከ የትኛው ድንጋይ ይደርስ እንደ ነበር ያስታወሰ ሽማግሌ ግን መሰከረለት። ልክን የያዘ ትዝታ ምስክርነት ነው፤ ልኩን የጣለ ትዝታ እንጉርጉሮ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ልክ ለተጓዡ የሚጠብቁለት፣ የሚያስገርመው ነገር፣ ያልሄዱት ናቸው። በሰፈራችን ከኢየሩሳሌም የተመለሱ እናት ቤት ጎረቤት ለቡና ሲሰበሰብ፣ «እንኳን ለዚህ አበቃዎት» ከተባለና መስቀሉና ጧፉ ከታደለ በኋላ፣ ከእንግዶቹ አንዷ «እትዬ፣ ለመሆኑ የባሕሩ ማዶ ይታያል ወይ?» ብላ ትጠይቃለች። ሌላዋ ዓሣው እንደኛ አገር መሆኑን፣ ሦስተኛዋ ውሃው ይጣፍጥ እንደሆነ ልታውቅ ትሻለች። ተሳላሚዋም፣ ስሜታቸውን ለመተረክ ተዘጋጅተው ሳለ፣ ወደ ኋላ ተመልሰው በልቡናቸው ዳርቻውን ይፈልጉና «ይታያል እንጂ! ኮረብታው ጥርት ብሎ ይታያል» ብለው ይመልሳሉ። ያን ጊዜ ዕውቀቱ የእርሳቸው ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ ያየችው ወሰኑን ትሰጣለች፣ ያላየችው በጥያቄዋ ወሰኑን ታጸናለች።

ከሩቅ አገር የተመለሰ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ጠያቂ ሲያገኝ ሊያመሰግን ይገባዋል። የገሊላን ክብርማ ጎረቤቶቹ ከቤታቸው ሳይወጡ ያውቁታል፤ የሚጎድላቸው ልኩ ነውና፣ እርሱን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይንገራቸው።