ርኅራኄ በትምህርት ይገኛልን?

ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ በጉለሌ የምትወርደውን እናት አይቶ የማያዝን ሰው ጥቂት ነው። ማዘንና መርዳት ግን ይለያያሉ። ሳንቲም የዕለቱን ረኃብ ያስታግሣል፤ ሸክሙ ግን ነገም እንደ ነበረ ይጠብቃታል። ይህን ልዩነት የሚያስተምረው የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፍቶ ነበር፤ ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ተዘግቶ ከቆየ ወዲያም፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 በማስተርስ ደረጃ እንደገና ተቋቋመ።

እንግዲህ ወደዚህ ትምህርት ለመግባት የሚያመለክት ሰው ምን ይዞ ይቅረብ? የፈተና ውጤቱን ብቻ ነውን? ርኅራኄን መምህር አይሰጥም፤ ከእናት ጉያ፥ ከጎረቤትና ከዕድር የሚገኝ ነውና። መምህር የሚሰጠው ርኅራኄን የሚመራ ዓይን ነው፤ ይኸውም ችግሩ ከቤት፥ ከገበያ ወይስ ከሕግ እንደ መጣ ለይቶ መጠየቅ ነው። ርኅራኄ ያለ ዕውቀት መንገድ ይስታል፤ ዕውቀትም ያለ ርኅራኄ ሰውን የመዝገብ ቁጥር ያደርገዋል። በመሥሪያ ቤት ወንበር የምንቀመጥ ሁሉ ይህን እናውቃለን፤ ባለጉዳይ ችግሩ ሳይደመጥ «ነገ ተመለስ» ይባላልና።

ስለዚህ አመልካቹ አስቀድሞ ራሱን ይመርምር፦ ያችን እናት ሊረዳ ከመነሣቱ በፊት ከእርስዋ ለመማር ፈቃደኛ ነውን? ካልሆነ፥ ዲግሪው ለእርሱ ጌጥ ቢሆን እንጂ ሸክምዋን አያቀልላትም።