የዳነውን ሰው እንደ ታመመ ስለ መቍጠር

ሰው እግሩ ተሰብሮ ድኖ ወደ ሥራው ሲመለስ ባልንጀሮቹ «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» ብለው በደስታ ይቀበሉታል። በአእምሮ ሕመም ተይዞ ድኖ ሲመለስ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ዝምታ ነው። ሁለቱም ታመው ሁለቱም ከዳኑ፥ ይህ ልዩነት ከወዴት መጣ?

በመሥሪያ ቤት የሚሆነውን በምሳሌ እንመልከት። በጽኑ የድባቴ ሕመም ተይዞ የነበረ አንድ ገንዘብ ያዥ ታክሞ ከጥቂት ወራት በኋላ ይመለሳል። አለቃው «እንዳይደክምህ» በማለት የካዝናውን ቍልፍ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ቢቈጣ «ተነሣበት» ይሉታል፤ ዝም ቢል «አሁንም አልለቀቀውም» ይሉታል። ሌላው ሰው ሲያዝን አዘነ፥ ሲቈጣም ተቈጣ ይባላል፤ በእርሱ ግን የሰው ጠባይ ሁሉ የደዌ ምልክት ሆኖ ይቈጠርበታል። ስለዚህ ሕመሙ ያልወሰደበትን ክብር ሰዎች ይወስዱበታል።

«ይህን የምናደርገው ለእርሱ አስበን ነው» የሚል አይታጣም። በእውነትም ጥንቃቄ የሚያሻው ሥራ አለ፤ የብዙ ሰው ነፍስ በእጁ ያለች መኪና ነጂ የሐኪሙ ቃል ሳይሰማ መሪ ይያዝ አንልም። ነገር ግን ጥንቃቄና ጥርጣሬ ልዩ ልዩ ናቸው። ጥንቃቄ ባለጕዳዩን ይጠይቃል፥ ሐኪሙን ይሰማል፥ ሥራውን ይመዝናል፥ ጊዜውም ሲደርስ ያበቃል። ጥርጣሬ ግን ሰውዬውን ሳይጠይቅ ይፈርድበታል፤ ፍርዱም ማብቂያ የለውም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ለታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፥ ቀጥሎ ያሉት 2 ወሮች በግማሽ ደመወዝ፥ የቀሩት 3 ወሮች ያለ ደመወዝ ናቸው። ለዚህም የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል። ስሙ እንዳይነሣ የሚፈራ ሠራተኛ ግን ማስረጃውን ይሸሽጋል፥ መድኃኒቱንም ተደብቆ ይወስዳል ወይም ያቋርጣል፤ ደዌውም ይጸናበታል። እንግዲህ ሐሜታችን ሕመም አባባሽ መሆኑን እንወቅ።

ነቢዩ ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦ ሞትን እስኪለምን ድረስ ተስፋ ቈርጦ ነበር። መልአኩ ግን አልገሠጸውም፤ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፥ ተኝቶም እንዲያርፍ ተወው፥ ዳግመኛም አበላው። ከዚህም በኋላ እግዚአብሔር «አንድ ጊዜ ሞትን ለምነሃልና አትታመንም» ሳይለው፥ ነገሥታትን እንዲቀባ ኤልሳዕንም በእግሩ እንዲተካ ላከው። ዕረፍቱ ለጊዜው ነበረ፤ አደራው ግን አልተነሣበትም።

ስለዚህ ወንድሞች ሆይ፥ ካህኑ የታመመውን ወደ ጠበል ሲመራ መድኃኒቱን እንዳይተው ይምከረው፤ ሐኪምን የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ መጽሐፈ ሲራክ ያስተምራልና። አለቃውም የዳነው ሰው ሲመለስ «የትኛውን ሥራ ከየትኛው አስቀድመን እንስጥህ?» ብሎ ይጠይቀው፤ ቀኑም ሲደርስ ቍልፉን በእጁ ይመልስለት። ባልንጀሮቹም ቢሆኑ ለተሰበረ እግር የማይነፍጉትን «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» የሚለውን ቃል ለእርሱም አይንፈጉት።