ያልተደረገው ግጥሚያ

ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወስደው መንገድ ድንበሩን ተሻግሮ ጋላባት ይገባል፤ ገዳሪፍን አልፎም ካርቱም ይደርሳል። ብዙዎቻችን ይህን መንገድ የምናስታውሰው ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 1881 ዓ.ም. በወደቁበት ጦርነት ነው። በዚያው መንገድ ማዶ፣ በካርቱም፣ የካቲት 1949 ዓ.ም. ደም ያልፈሰሰበት ሌላ ሙግት ተካሂዶ ነበር።

ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ሊጫወቱ ተሰናዱ። ለኢትዮጵያ የደረሰቻት ደቡብ አፍሪካ ነበረች። የአፓርታይዷ አገር ግን «ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ እንጂ ድብልቅ ቡድን አልልክም» አለች። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑበት የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንም ይህን አልተቀበለም። ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በግብፅም 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ለመሆኑ ኳስን ከፖለቲካ ምን አገናኘው? ሳይጫወቱ ማለፍስ ያስከብራል? በቆዳቸው ቀለም ቀድሞውኑ የተገፉት የደቡብ አፍሪካ ጥቁር ተጫዋቾችስ ምን አጠፉ?

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች አይከብዱም። ፖለቲካን ሜዳ ያስገባው ፊሽካ ሳይነፋ ተጫዋቹን በቆዳው የመረጠው እንጂ «በዚህ መልክ አንጫወትም» ያለው አይደለም። ማለፉም ክብር አልነበረም፤ ክብሩ እምቢታው ነው። ዝም ብሎ መጫወት ምርጫውን ማጽደቅ ይሆን ነበርና።

አቶ ይድነቃቸው ኳስን ከቢሮ ወንበር ላይ ያወቁ ሰው አልነበሩም። ከ20 ዓመት በላይ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫውተዋል። ጥር 1954 ዓ.ም. ያሠለጠኑት ብሔራዊ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትቶ ዋንጫውን ሲያነሳ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ነበር። የጣሊያን ወረራ ካበቃ ገና 20 ዓመት ያህል ቢሆነው ነው! ከሌላው የጠየቁት በገዛ ቤታቸውም ታየ።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን ይቀራል። አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት ሲመሩ ቆይተው ነሐሴ 1979 ዓ.ም. አረፉ። በ1988 ዓ.ም. ከአፓርታይድ የተላቀቀችው ደቡብ አፍሪካ በሜዳዋ ዋንጫውን ስትወስድ፣ የድብልቁን ቡድን አምበልነት የያዘው ነጩ ኒል ቶቪ ነበር። እሳቸው ይህን አላዩም። በመካከሉ ጫማቸውን የሰቀሉት ጥቁር ተጫዋቾችም ወጣትነታቸው አልተመለሰላቸውም። ትክክለኛ ውሳኔም ዋጋ አለው፤ ከፋዩ ግን ሁልጊዜ ባለዕዳው አይደለም።