ጭሱን ያየ ሁሉ ባቡሩን አይቷልን?

ሌላው ሰው በኀዘን የተሳፈረበትን ባቡር ለደስታ መሳፈርና ፎቶግራፍ ማንሣት ነውር ነውን? ጥያቄው ከኑሯችን የራቀ ይመስላል፤ አይደለም።

ከምጽዋ ወደ አሥመራ የሚወጣውን የባቡር መንገድ እንመልከት። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 950 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ርዝመቱ ወደ 118 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ1911 አሥመራ አደረሱት። በ1970ዎቹ ጦርነቱ አቋረጠው፤ ብረቱም እየተነቀለ ምሽግ ተሠራበት። ከ1994 በኋላ ግን ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ወደ ሥራቸው ተመልሰው፣ ብረቱን ከየምሽጉ እየለቀሙ እንደገና ዘረጉት። በ2003 መስመሩ ዳግም አሥመራ ደረሰ። በ1938 በኢጣልያ የተሠሩትን ባለ እንፋሎት ባቡሮች ለመሳፈርና ጭሳቸውን በፎቶግራፍ ለማስቀረትም ከአውሮፓ ድረስ ሰዎች መጡ።

«ይህ የጥጋብ ጨዋታ ነው» የሚል ወገን ይኖራል። እኔ በበኩሌ እንዲህ አልልም። ያማረን ነገር መውደድ ኃጢአት አይደለም፤ እንግዳው ባይመጣ ኖሮ የሽማግሌዎቹን ሙያ የሚያደንቅ ሰው ባነሰ ነበር። ነውሩ ሌላ ነው፤ እርሱም ጭሱን አንሥቶ፣ ሐዲዱን ከምሽግ የለቀመውን ሰው ግን አንዲት ቃል ሳይጠይቁ መሄድ ነው።

ይህ ምክር ለባዕድ ብቻ አይምሰለን። የተጠጋናት ኒው ሀልፋ ራሷ በባቡር የመጣ ሕዝብ ከተማ ናት። የአስዋን ግድብ ውሃ ዋዲ ሀልፋን ሊውጥ በተቃረበ ጊዜ ኑቢያውያኑ የሙታኖቻቸውን መቃብር ተሰናብተው ተሳፈሩ፤ የመጀመሪያው ባቡር የተነሣው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1964 ነበር። በአትባራና በከሰላ በኩል ዞረው ወደዚህ የመጡት 50,000 ያህል ነበሩ። የዚያን ባቡር ፎቶግራፍ ብናይ ለእኛ ባቡር ነው፤ ለኑቢያዊው ጎረቤታችን ግን የአገሩ የመጨረሻ ቀን ነው።

ካሜራ ይዞ ወደ ጎጆአችን የሚመጣ እንግዳ፣ መልካችንን ከመውሰዱ በፊት ከየት እንደመጣንና ማንን እንደተውን እንዲጠይቀን እንፈልጋለን። ተገቢም ነው። እንግዲህ ለራሳችን የምንሻውን ለባለአገሩ አንንፈገው። በገበያ ከአንድ የሀልፋ ሽማግሌ አጠገብ ስንቀመጥ፣ «እርስዎስ በየትኛው ባቡር መጡ?» ብንል ከአፋችን ምን ይጎድላል? ስደተኛ የሌላውን ስደት ካልጠየቀ ማን ይጠይቅ?