ወዶ ለሚጎትት ማን ይቁምለት?

ለእናቴ “ሆቴል ነው የምሠራው” ብያታለሁ። አልዋሸሁም። ሆቴል ነው፤ እንግዶቹ ግን ውሾች ናቸው። ባለቤቶቻቸው ለፈረንጅ ገና ወደየአገራቸው ሲበሩ እኛ ዘንድ ያስቀምጧቸዋል። ዲሴምበር ሲገባ አንድም ባዶ ክፍል አይገኝም። ወሎ ላለች እናቴ ልጅሽ ባሕር ተሻግራ የውሻ አልጋ ታነጥፋለች ብዬ እንዴት ልንገራት? “ሆቴል” ብዬ ዝም አልኩ። ይኸው አራት ዓመት ሆነኝ።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት የሥራው ቫን ካራማ ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር ይወስደኛል። ከከተማ ወጥተን አሸዋው የሚጀምርበት ቦታ እስክንደርስ ሁላችንም እንተኛለን። እንደደረስን ቆሻሻ እናነሳለን፣ ወለሉን በመድኃኒት እናጥባለን፣ ውሃ እንቀይራለን፣ ለእያንዳንዱ ውሻ ስሙ የተጻፈበትን ምግብ እናድላለን። ከዚያ በየተራ ማንሸራሸር ነው። በእኔ ድርሻ 22 ውሾች አሉ።

ከሁሉም የሚከብዱት ሃስኪዎቹ ናቸው። ዘራቸው የሳይቤሪያ ነው፤ በበረዶ ላይ ጋሪ እንዲጎትቱ ተመርጠው የተዳቀሉ ናቸው። እዚህ ሰው የሚገዛቸው ግን ለሰማያዊ ዓይናቸውና ለፀጉራቸው ነው። የሙቀቱን ወራት በኤሲ ተዘግተው፣ ሆዳቸውን ሴራሚክ ላይ ዘርግተው ያሳልፉታል። ብርዱ ሲመጣ ነፍስ ይዘራሉ። የዱባይ ብርድ ምን ብርድ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ማለዳ ላይ ግን ጃኬት ያስለብሳል፤ ለሃስኪ ደግሞ እሱም ሠርግ ነው። ገመዱን ይዤ በሩን ስከፍት እኔ ውሻውን አላንሸራሽረውም፤ እሱ ነው አሸዋ ለአሸዋ የሚጎትተኝ።

አብሮ አደጌ ፊንላንድ ውስጥ፣ ሮቫኒየሚ ከምትባል ከተማ አቅራቢያ፣ እውነተኛ የሃስኪ እርሻ ላይ ትሠራለች። በዋትስአፕ ቮይስ እንላላካለን። እኔ ጋ 24 ዲግሪ ሲሆን እሷ ጋ ከዜሮ በታች 30 የሚሆንበት ቀን አለ። በዲሴምበር ፀሐይ የለችም ማለት ይቻላል፤ ግንባሯ ላይ ባትሪ አስራ ነው የምትሠራው። ጠዋት ሥጋ በሙቅ ውሃ በጥብጣ ታጠጣቸዋለች፤ በብርድ ባዶ ውሃ እምቢ ይላሉ፣ ካልጠጡ ደግሞ መሮጥ የለም። የቀዘቀዘውን ቆሻሻ በአካፋ እየፈነቀለች ታነሳለች። የመጎተቻ ማሰሪያውን ይዛ ብቅ ስትል መቶ ውሻ በአንዴ ይጮሃል። “እኔን ምረጪኝ ነው የሚሉት” ትላለች። ጋሪው በብረት መንጠቆ በረዶው ላይ ካልተተከለ ሰው ሳይሳፈር ይዘውት ይሄዳሉ። ከተለቀቁ በኋላ ጩኸቱ ቁርጥ ይላል፤ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነው። “የዚህ ሥራ ችግሩ ማስሮጥ እንዳይመስልሽ” አለችኝ አንድ ቀን፤ “ማስቆም ነው።”

ነገሩ የገባኝ ባለፈው ጃንዋሪ ነው። አንድ ዓይኑ ሰማያዊ የሆነ ሃስኪ ነበረን። እንደ ልማዱ እየጎተተኝ ወጣን፤ ጅራቱ ቀጥ ብሎ፣ ጆሮው ቆሞ፣ ደስ ብሎት። ስንመለስ ዞር ብዬ የመጣንበትን ሳይ አሸዋው ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለ። መዳፉን የተሰበረ ጠርሙስ ሰንጥቆታል። አላነከሰም፣ አላለቀሰም። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤ ይሄኛው ለመውጣት እንጂ ለቁስሉ አልጮኸም። ደንቡ በየመንገዱ መሃል ቆሞ እግር ማየት ነው። እኔ ግን ገና 13 ውሾች ስለቀሩኝ አልቆምኩም። “እሱ ራሱ መሮጥ ፈልጎ ነው” ብዬ ለሱፐርቫይዘሬ ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት። እውነት ነው፣ ፈልጎ ነው። ታዲያ መፈለጉ እኔን ከጥፋት ያወጣኛል?

ይህን ጥያቄ ይዤ ካራማ ስገባ መልሱ አልጋ ላይ ተኝታ ጠበቀችኝ።

ስድስት ሆነን ነው የምንኖረው። ከእኔ አልጋ በላይ ያለችው እህታችን ቀን ቢሮ ታጸዳለች፣ ማታ ደግሞ ሰው ቤት ትተኩሳለች። አገር ቤት ወንድሟን ታስተምራለች፣ የወላጆቿን ቤት ቆርቆሮ ታለብሳለች። ወገቧን ማመም ከጀመረ ወራት አልፎታል። “ሐኪም ቤት ሂጂ” ስንላት “ኦፍ የለኝም” ትላለች። “የማታውን ተይው” ስንላት “ማን አስገደደኝ? እኔው ወድጄ ነው” ትላለች። በዚያው ወር ደረጃ ላይ ወደቀች። ኩላሊቷ ተመርዞ ኖሯል። ዛሬ ድናለች፣ እግዜር ይመስገን። ግን ቤተሰቦቿ በስልክ ያሉትን አልረሳውም፦ “አንቺ እኮ ደህና ነኝ ነው የምትዪን!” እነሱም እውነታቸውን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተቆጥቶ “ሰውን ከውሻ ጋር ታወዳድሪያለሽ?” ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው። ውሻ ነገን አያውቅም፣ ስለ ቆርቆሮ አያስብም። ያቺ እህታችን ግን አስባ፣ አስልታ፣ ራሷን የሰጠች ሰው ናት። “አታውቂም፣ እኔ ላውቅልሽ” ማለት እሷን መናቅ ነው። በየቤቱ እንደ ሕፃን የሚቆጥሩን ሰዎች አሉ፤ እኛም እርስ በርሳችን ያንን መድገም የለብንም። ሸክሟም ቢሆን የሚያኮራ ሸክም ነው፤ ወንድምን ማስተማር ነውር አይደለም።

ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። የማልቀበለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “ወዳ ነው” የሚለው ቃል የእሷን ጥያቄ ሲዘጋ የእኛንም መዝጋቱን። የጎታቹ ፈቃድ ስለ ጎታቹ ይነግረናል። ጋሪው ላይ ስለተቀመጠው ምንም አይነግረንም።

ኖርዌጂያዊው ሮአልድ አሙንድሰን በዲሴምበር 14 ቀን 1911 ደቡብ ዋልታን የረገጠው በውሾች ጉልበት ነው። ከሰፈሩ 52 ውሾች ይዞ ተነሳ፤ 11 ይዞ ተመለሰ። ብዙዎቹን በመንገድ ላይ አርዶ ለሰውም ለቀሩት ውሾችም ምግብ ማድረግ ከመነሻው በዕቅዱ ውስጥ ነበር። እነዚያም ውሾች ማሰሪያውን ሲያዩ በደስታ ሳይጮኹ አልቀሩም። ደስታቸው ዕቅዱን ንጹሕ አያደርገውም።

በአላስካ ደግሞ ከ1973 ጀምሮ ኢዲታሮድ የሚባል 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያስኬድ የውሻ ጋሪ ውድድር አለ። እዚያ ነጂው አንድ ጊዜ 24 ሰዓት፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ስምንት ስምንት ሰዓት የመቆም ግዴታ አለበት። በየጣቢያው የእንስሳት ሐኪም ይጠብቃል፤ የደከመው ውሻ እዚያው ቀርቶ በአውሮፕላን ይመለሳል። እንዲህም ሆኖ የሞቱ ውሾች አሉ፣ ውድድሩ ይቅር የሚሉም አሉ። እኔን የገረመኝ የደንቡ ሐሳብ ነው። ውሻው ዕረፍት እስኪጠይቅ አይጠብቅም። የማይጠይቅ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው የተጻፈው።

የሥራ ሕግም በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። እዚህ ኤምሬትስ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 12:30 እስከ 3:00 ፀሐይ ላይ መሥራት ክልክል ነው፤ ሠራተኛው “ግድ የለም፣ እችላለሁ” ቢልም ክልክል ነው። በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግም በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያም ውስጥ 8ቱ የማይቆራረጥ እንዲሆን ያዛል። የቸገረው ሰው ሁልጊዜ “እችላለሁ” እንደሚል ሕጉ ያውቃል። ይህን መብት አውቆ መያዝ ያስፈልጋል። ሕግ ግን ከሥራ በኋላ ወደምንሄድበት ሁለተኛ ሥራ አይከተለንም። ከደሞዛችን ስንቱን ልከን ስንቱን እንደምንበላም አይጠይቅም። እዚያ ማን ይቁምልን?

አባቴ ገበሬ ነበር። ፀሐይ ከመክረሯ በፊት ጥማዱን ይፈታል። ከዚያ ራሱ ሳይበላ በመጀመሪያ የበሬዎቹን ጫንቃ በእጁ ይዳስሳል። አህያችን ገጣባ ካወጣች ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ አትጫንም፤ የገበያ ቀን ቢሆን እንኳ እህሉን ራሱ ይሸከማል። ይህን የሚያደርገው ሩኅሩኅ ሰው ስለነበረ ብቻ አይመስለኝም። በሌላው ጉልበት የሚበላ ሰው ማድረግ ያለበት ትንሹ ነገር መዳሰስ እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው። እኛን የሚዳስሰን የጠፋው ቤተሰባችን ከአባቴ ስለሚያንስ ነው? አይደለም። ጫንቃችን ከእጃቸው ስለራቀ ነው። ደግሞም እኛው ሸፍነነዋል። ቡርጅ ኸሊፋ ሥር ቆመን ፎቶ እንልካለን። ተበድረን እየላክን “አታስቡ፣ ተርፎኝ ነው” እንላለን። አብሮ አደጌ በረዶው እንዳይቆርጣቸው ለውሾቹ እግር የጨርቅ ጫማ ታለብሳለች፤ ማታ ግን ታወልቀውና ጣት በጣት ትፈትሻለች። እኛ የማናወልቀው ጫማ ነው ያደረግነው። ከዚያ “ማንም አይጠይቀኝም” ብለን እናለቅሳለን።

ስለዚህ ግዴታው ከሁለቱም ወገን ነው ብዬ አምናለሁ። ተሳፋሪው ቁም ሳይባል ማቆምና ማየት አለበት፤ ጎታቹ ይበልጥ ወዶ ሲጎትት ይበልጥ ማየት አለበት፤ ሰነፍ ውሻ ራሱ ይቆማል፣ የሚሞተው ታታሪው ነው። መናገር የሚችለው ጎታች ደግሞ፣ ከውሻ የሚለየን ይኸው ስለሆነ፣ እግሩን ማሳየት አለበት። አብሮ የሚጎትተው ጓደኛም አለበት። እሁድ ቡና ስንጠጣ “ስንት ላክሽ?” ከምንባባል በፊት “መቼ ተኛሽ? ምን በላሽ?” መባባል እንችላለን። አብሮ አደጌ የታመመ ውሻ የምታውቀው በማንከሱ ሳይሆን ምግብ በመተዉ ነው። እኛም እርስ በርስ ሳህን እናያለን፤ አንድ ማዕድ ነው የምንቀርበው።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ለሌላው መምከሬ አፈረኝና እናቴ ጋ ደወልኩ። “እማዬ፣ ሆቴሉ እኮ የውሻ ነው” አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ “አይነክሱሽም?” አለች። ሳቅሁ። “ደሞዝሽስ?” አለች፤ በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። እውነተኛውን ነገርኳት፣ የአልጋ ኪራዩን፣ የምግቡን፣ የምልከውን። ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አለች። “ታዲያ አንቺ ምን ይተርፍሻል?” አለችኝ።

በሚቀጥለው ወር በእሷ ትእዛዝ ግማሹን ብቻ ላክሁ። የታናሽ ወንድሜ የኮሌጅ ክፍያ ዘገየ። እሱ እስከ ዛሬ ተቀይሞ አልደወለልኝም፤ ያመኛል። ጀርባዬን ግን ታይቻለሁ፤ ሐኪሙ ለሁለት ወር ከባድ ነገር እንዳላነሳ ነገረኝ። ባለ አንድ ሰማያዊ ዓይኑም ድኖ ባለቤቱ ወስዳዋለች። አሁን ሌላ ሃስኪ መጥቷል። በየመንገዱ መሃል እቆማለሁ፤ እሱ ይቆጣል፣ ገመዱን ይጎትታል፣ እንሂድ ይላል። እኔ ተንበርክኬ አራቱንም እግሩን አያለሁ።