ሁለት ኪሎ የማይሞላ ጠመንጃ

ባለፈው ጥር የወጣቶች ኅብረታችን ወደ ማንኪራ ጫካ የሁለት ሌሊት የጸሎት ጉዞ ሲያዘጋጅ ሻንጣዎቻችንን በቡና ሚዛን መዘንናቸው። ቦንጋ ውስጥ ሚዛን መበደር አያስቸግርም። መንገዱ ዳገት ስለሚበዛበት ማንም ከ10 ኪሎ በላይ እንዳይዝ ተስማምተን ነበር። አንዲት እህታችን 14 ኪሎ ወጣባት፤ ስንፈትሸው ግማሹ ቆጮ ሆኖ ተገኘ። ሳቅንባት። በኋላ ጫካ ውስጥ ከእሷ ስንቅ ስንበላ ግን የሳቀ አልነበረም።

ያን ዕለት ነው አንድ ወንድማችን ለብቻዬ ጠርቶኝ ደብተሩን የገለጠልኝ። አናጺ ነው፤ ከጸሎት ቤታችን አግዳሚ ወንበሮች ግማሹን የሠራው እሱ ነው። ደብተሩ ላይ የሳለው ግን ወንበር አልነበረም፤ ጠመንጃ ነው። ሰደፉ ከዋንዛ እንጨት፣ መሐሉ ተቦርቡሮ የቀለለ፤ አፈሙዙ አጭር፤ ማንገቻው የፍየል ቆዳ፤ ሁለት ቦታ ተፈትቶ የጀርባ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ። ከጎኑ የእያንዳንዱን ክፍል ክብደት በእርሳስ ጽፎ ደምሮታል። ድምሩ ሁለት ኪሎ አይሞላም። ጠመንጃ የለውም፤ ለማግኘትም አልሞከረም። በስልኩ ፈረንጆች እንዲህ ያለውን ይዘው በዱር ሲጓዙ አይቶ፣ ሲያይ ከርሞ፣ በመጨረሻ መሳል ጀመረ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ጫካ ለሚሄድ ሰው እንዲህ ያለ ነገር መያዝ ኃጢአት ነው?»

ሕጉን አስቀድመን እንጨርሰው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999 ደግሞ ያለ ፈቃድ ማደንን። የካፋ ጫካም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የመዘገበው፣ 760 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚሸፍነው የባዮስፌር ሪዘርቭ አካል ነው። ስለዚህ ለዚያ ጉዞ መልሱ ያለቀ ነበር። ወንድማችን ግን ይህን ያውቃል። የጠየቀኝ ስለ ፖሊስ አይደለም። ሕግ ቢፈቅድልኝስ ነው ያለው፤ እውነተኛው ጥያቄም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሥዕሉ ያምር ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ክላሽና ምንሽር ለለመደ ዓይን ይህ ዓይነቱ ጠመንጃ መጫወቻ ይመስላል። ጥይቱ ሃያ ሁለት ካሊበር የሚባለው ነው። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ እርሳሱ ብቻውን 2 ግራም ተኩል ያህል ይመዝናል። ሃምሳ ጥይት ተደምሮ 200 ግራም አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ1959 አርማላይት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው አንድ ጠመንጃ ተፈታትቶ በራሱ ሰደፍ ውስጥ ይከተታል፤ ውኃ ላይ ቢወድቅም ይንሳፈፋል። የሐሳቡ መነሻ አውሮፕላኑ ሰው በሌለበት ምድር የወደቀበት አብራሪ በሕይወት እንዲቆይ ነበር። ሩገር የተባለው ሌላው ኩባንያ ከ1964 ጀምሮ የሚሠራውን ደግሞ ባለቤቱ እንደ ወደደ ሰደፉን፣ አፈሙዙን፣ ቃታውን እየነቀለ ይለዋውጠዋል። አናጺ ይህን አይቶ ልቡ ባይነሣሣ ነበር የሚገርመኝ። ዕቃን ለእጅና ለሥራ ማስማማት ከእግዚአብሔር የተሰጠ ጸጋ ነው፤ ዘጸአት 31 ስለ ባስልኤል የሚነግረን ይህንኑ ነው።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አናጺ መሮ ሲያስተካክል የሚያስበው እንጨቱን ነው። ጠመንጃ የሚያስተካክልስ ምን ያስባል? እያንዳንዱ ማሻሻያ ዓላማ አለው። መነጽር የሚገጠመው የራቀውን ለማየት ብቻ አይደለም፤ የራቀውን ለመምታት ነው። ቃታው የሚለሰልሰው ጣት እንዳይቸገር ነው። ድምፅ ማፈኛ የሚጨመረው ሌላው እንዳይሰማ ነው። ማታ ማታ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ እነዚህን የሚያወጣና የሚያወርድ ወጣት፣ ገና ባላያት እንስሳ ላይ ስንት ጊዜ ተኩሷል! ጌታችን በተራራው ስብከቱ ነገር ከእጅ በፊት በልብ እንደሚጀምር አስተምሯል። አደን ሁሉ ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም፤ መጽሐፍ ቅዱስም አይልም። የምለው፣ ዕቃ ስንመርጥ ምን ለማየት እንደምንፈልግም አብረን እንመርጣለን ነው። ሚዛን የያዘ ሰው ኪሎ ይታየዋል። ጠመንጃ የያዘስ?

«ለምን ያስፈልግሃል?» አልኩት። ሦስት ነገር ቆጠረልኝ፤ ምግብ፣ አውሬ፣ ሰው።

ምግቡን እሱ ራሱ ወዲያው ተወው። ለሁለት ሌሊት ቆሎም ይበቃል።

አውሬው ቀልድ አይደለም። በካፋ ጫካ ጎሽ አለ፤ አንበሶችም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 እዚሁ ጫካ ውስጥ ፎቶግራፍ ተነሥተዋል። ግን እስቲ እናስብ። 2 ግራም ተኩል የምትመዝን እርሳስ ጎሽ አታቆምም፤ ታቆስለዋለች። የቆሰለ ጎሽ ደግሞ ከእኛ በኋላ ለሚያልፈው መንገደኛ ምን እንደሚሆን የአገሩን ሰው ጠይቁ። ጎሽ የሚያቆም ጠመንጃ ከባድ ነው፤ ሥዕሉም ትርጉም ያጣል። እንግዲህ ይህ ቀላል ጠመንጃ የሚያስፈራንን ለመግደል አይበቃም፤ የማያስፈራንን ለመግደል ግን ከበቂ በላይ ነው። የሚቀሩለት ጉሬዛ፣ ጦጣና ወፍ ናቸው፤ አንዳቸውም አልበደሉንም።

ሦስተኛውን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዘመኑን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ፈሪ ነህ አላልኩትም። ነገር ግን በዚያ ጫካ መንገድ ላይ የሚያጋጥመን ሰው ማን እንደሆነ ጠየቅሁት። ቡና ለቅማ የምትመለስ እናት፣ ቀፎውን ሊያይ የወጣ አባት፣ ከብት የሚነዳ ልጅ። እነሱ እኛን ሲያዩስ? ጠመንጃ ከመተኮሱ በፊትም ለሚያየው ሰው ይናገራል። በካፋ ምድር ደግሞ ብዙ ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1897 የካፋ መንግሥት ሲወድቅና የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ሲማረኩ፣ በአመዛኙ ጦር የያዘ ሕዝብ ጠመንጃ በያዘ ሠራዊት ፊት ነበር የቆመው። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ ያነገተ እንግዳ ከጫካ ብቅ ሲል እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጓዳ ቢያስገቡ አይፈረድባቸውም። እኛ ልንጸልይ የምንሄድ ሰዎች በዚያ መልክ ብቅ ልንል ነው? አጠገባችን ያለ ሰይፍ ሥራ ማግኘቱም አይቀርም። ጴጥሮስ በጌቴሴማኒ ሰይፍ ስለ ነበረው መዘዘው፤ ያገኘው ግን የአንድ አገልጋይ ጆሮ ነበር። ጌታም ከመያዙ በፊት ያን ጆሮ መፈወስ ነበረበት።

በዚህ ተለያይተን በማግስቱ ጉዞ ጀመርን።

መንገድ የመሩን አንድ አዛውንት ከማንጆ ማኅበረሰብ ናቸው። በካፋ አደን ሲነሣ የማንጆ ስም አብሮ ይነሣል። የጉሬዛና የዱር አሳማ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ለዘመናት ከማዕድ ተለይተዋል፤ ዛሬም አብሮ መብላት የሚከብደው ሰው አለ። ማታ እሳት ዙሪያ ራት ስናቀርብ አዛውንቱ ራቅ ብለው ተቀመጡ፤ ማንም ራቁ አላላቸውም፤ የለመዱት ሆኖ ነው። ያቺ የ14 ኪሎዋ እህታችን ቆጮዋን ይዛ ተነሣችና አጠገባቸው ተቀመጠች። ከዚያ አንድ ሁለት እያልን ሁላችንም እሳቱን ትተን ወደ እሳቸው ሄድን። እኔ ሁለተኛ እንኳ አልነበርኩም፤ አራተኛ ወይም አምስተኛ ነኝ።

ወንድማችን ስለ ጠመንጃው ሥዕል ነገራቸው። በትዕግሥት ሰሙት። አባታቸው በጦርና በውሻ ያድኑ እንደ ነበር ነገሩንና፣ «አባቴ ሲገድል እኛ እንድንበላ ነው። እናንተ ቆጮ ይዛችሁ ምን ልትገድሉ ነው?» አሉት። በንግግራቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ በእርግጥ አልገባቸውም ነበር። እኔ ግን አፈርኩ። ሰዎች እንዳይራቡ ሲያድኑ ከማዕዳችን የለየን እኛ፣ ጠግቦ የሚያድነውን ፈረንጅ በስልክ እያየን እንመኛለን! ዘሌዋውያን 17፥13 አዳኝ የገደለውን እንስሳ ደሙን አፍስሶ በአፈር እንዲሸፍነው ያዛል። ገድሎ ዝም ብሎ ማለፍ የለም፤ ወርዶ መጎንበስና አፈር መዝገን አለ። ወንድማችን ባሳየኝ ቪዲዮ ላይ ግን ከተኩሱ ቀጥሎ የመጣው ስለ ሰደፉ ማብራሪያ ነበር።

በሁለተኛው ሌሊት የሆነውን እነሆ። እሳቱ ደክሞ፣ አብዛኞቻችን ተኝተን ሳለ ከቁጥቋጦው ውስጥ ከባድ ኮሽታ ተሰማ። ቆመ። እንደገና መጣ፣ ቀረበ። አንዲት እህት ጮኸች። ወንድማችን ከሁላችን ቀድሞ ተነሥቶ ገጀራውን ጨብጦ በእኛና በጨለማው መካከል ቆመ፤ ይህን ደግሞ በክብር እጽፋለሁ፣ ሌሎቻችን ከብርድ ልብሳችን አልወጣንም ነበር። አዛውንቱ ባሉበት ሆነው በካፍኛ ተጣሩ። ከጨለማው መልስ መጣ። ችቦው የጠፋበት ማር ቆራጭ ነበር። ማር እኛ አገር በሌሊት ነው የሚቆረጠው። እሳታችንን አይቶ ችቦውን ሊለኩስ መምጣቱ ነው። ከኋላው አሥር ዓመት የሚሆነው ልጁ ባዶ ቅል ተሸክሞ ቆሟል።

ለኩሰው፣ ማር አቅምሰውን ሄዱ። ወንድማችን እስኪነጋ አልተኛም። ጎሕ ሲቀድ እንዲህ አለኝ፦ «ጥይቷ ትንሽ ናት ብዬዎት ነበር። ለልጁ ግን ትንሽ አልነበረችም።»

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ለእኔ ይቀለኝ ነበር። ከተመለስን በኋላ ግን መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ መጣ፤ 1ኛ ሳሙኤል 17። ዳዊት የሳኦልን ጥሩር አውልቆ ወንጭፍና አምስት ድንጋይ መረጠ። «ቀላሉን መረጠ፣ የለመደውን መረጠ፣ ለራሱ የሚስማማውን መረጠ። እኔስ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። መልካም ክርክር ነው፤ ለቀጣዩ የኅብረት ጥናታችሁም ትወያዩበት ዘንድ እተወዋለሁ። እኔ የመለስኩለት ይህን ነው። ዳዊት አንበሳና ድብ ፍለጋ አልወጣም፤ የአባቱን በግ ሊወስዱ መጡበት። ወንጭፉን የመረጠው ከኋላው በግ ስለ ነበረ ነው። አንተስ ማንኪራ ስትሄድ ከኋላህ ምን ነበረ?

ዝም አለ። ቆይቶ፣ «የአባቴ በቆሎ አለ» አለኝ።

ይህን አልጠበቅሁም። አባቱ ገበሬ ናቸው። በቆሎው ሲደርስ ቀን ዝንጀሮ፣ ሌሊት የዱር አሳማ ይመጣበታል። አባትና ታናናሽ ወንድሞቹ ማማ ላይ ተራ ገብተው በዝናብ ያድራሉ፤ ቆርቆሮ ይመታሉ፣ ይጮኻሉ፣ ወንጭፍ ያጮሃሉ። አንድ ሌሊት እንቅልፍ ካሸነፋቸው የዓመት ጉሮሯቸው ተበልቶ ያድራል። እንቅልፍ ያጡ ልጆች በማግስቱ ትምህርት ቤት ያንቀላፋሉ። ዱር ጥበቃን የምንወድ የከተማ ሰዎች ይህን ሒሳብ ውስጥ ሳናስገባ ስለ ጉሬዛ ውበት ብንሰብክ ገበሬው ቢስቅብን ተገቢ ነው። እዚያ ማማ ላይ በፈቃድና በሕግ መሣሪያ የሚይዝ አባት ቢኖር በእሱ ላይ የምናገረው የለኝም። መልሴ ለማንኪራው እንደ ሰጠሁት አይደለም፤ ለወንድማችንም ይህንኑ ነገርኩት። ዕቃው አንድ ነው፤ ከኋላው ያለው ግን ሌላ ነው።

እኔና እሱ እስካሁን የማንስማማበት አንድ ነገር አለ። እሱ ለበቆሎ የታሰበ ጠመንጃ በበቆሎ ጥበቃ ብቻ ይቆማል ይላል። እኔ ደግሞ መከሩ ከገባ በኋላ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ጠመንጃ ለጎረቤት ጠብም፣ ለሠርግ ተኩስም፣ ለሰነፍ እሑድም እጅ ይጠራል ባይ ነኝ። አባቱ ሁለታችንንም ሰምተው፣ ለጊዜው የሚያስፈልጋቸው በማማው ላይ ዝናብ የማያስገባ ክዳን እንደሆነ ነገሩን። ልጃቸው ሠራላቸው።

ደብተሩን አልጣለውም። ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጸሎት ቤቱ በር ላይ እንደገና ገለጠልኝ። መነጽሩን በላጲስ አጥፍቶታል። ሰደፉ ግን እንዳለ ነው፤ የዋንዛው እንጨት መስመር ሳይቀር ተስሏል። ያምራል፤ እንደሚያምርም ነገርኩት።